ብሳና፣ ባሕር ዛፍ፣ ጎመን፦ የመካኒሳ ወንዝ ዳር ታሪክ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የቆመው ወጨጫ ተራራ ሁለት ጎኑ ሁለት ዕጣ ገጥሞታል። በደቡብ ምዕራብ ጎኑ መናገሻ ሱባ አለ፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ተደባልቀው የሚበቅሉበት፣ የምኒልክ ድኩላ የሚሰማራበት ጥንታዊ ደን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ወደ ከተማዋ ከዞረው ጎን ደግሞ ትንሹ አቃቂ ይነሣል። በምዕራብ አዲስ አበባ ሰፈሮች መካከል አቋርጦ፣ መካኒሳን አልፎ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ስለ ደኑ ብዙ ተጽፏል። ከወንዙ ዳር ስለበቀለው፣ ስለተቆረጠውና ስለተተካው ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

መካኒሳ የዛፍ ስም ነው። ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ ምድር የሚያርሱትና ከብት የሚያረቡት ኦሮሞዎች መካኒሳ፣ አንዳንዴም በካኒሳ የሚሉት ዛፍ በአማርኛ ብሳና ይባላል። ሾላም ወይራም በአዲስ አበባ ሰፈር ሆነው ቀርተዋል። መካኒሳ የሚለየው ዛፉ ዛሬም በከተማዋ ወንዞች ዳርና በአሮጌ አጥሮች ሥር ሳይዘራ መብቀሉ ነው።

ብሳናን ቀርቦ ላየው በቀላሉ የሚረሳ ዛፍ አይደለም። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ነጣ ያለ ነው። ዘንጉ ከቅጠሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሁለት ጥቃቅን እጢዎች ይታያሉ። ሊረግፍ ሲል ቅጠሉ እንደ ብርቱካን ይቀላል፤ በዚያ ወቅት ከአረንጓዴው መሐል ጥቂት ቀይ ቅጠሎች የሚታዩበት ዛፍ ብሳና ለመሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። አበባው ረጅም፣ ነጣ ያለ ቢጫና ሽታው ጥሩ በመሆኑ ንብ ይወደዋል። ፍሬው የአተር ቅንጣት ያህል ሆኖ በዘለላ ይንጠለጠላል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በባህል ሕክምና ከጭርት እስከ ኮሶ ትል የሚታዘዝ ቢሆንም ዘሩ ሆድ የሚያጥብ ኃይለኛ ነገር ስለሆነ አዋቂዎች መጠኑን ይጠነቀቁለታል። እንጨቱ ግን ለስላሳ ነው፤ ነቀዝ ቶሎ ያገኘዋል። ተረቱም ለዛፍ ሁሉ መንቀዝን ያስተማረ እሱ ነው እያለ ያማዋል።

ሐሜቱ ስለ እንጨቱ እውነት ነው። አፈሩን ለሚያርሰው ገበሬ ግን ብሳና ባለውለታ ነው። ጅሬኛ ጊንዳባና ባልደረቦቻቸው በምሥራቅ ኢትዮጵያ በደሳ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በብሳናና በዋንዛ ጥላ ሥር ያለው የላይኛው አፈር ከጥላው ውጪ ካለው ይልቅ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የበለጸገ ሆኖ ተገኝቷል። ቅጠሉ በብዛት ይረግፋል፣ ቶሎ ይበሰብሳል። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ገበሬው ማሳው መሐል የበቀለውን ብሳና ሳይቆርጥ የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም። ደን በተመነጠረበትና አፈሩ በተጎዳበት ቦታም ቀድመው ከሚበቅሉት አገር በቀል ዛፎች አንዱ እሱ ነው፤ ከጥላው ሥር ሌሎቹ ይከተላሉ።

ብሳና ብርቅ ዛፍ አይደለም። ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ይበቅላል። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ የመዘገበው የፍሎራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ 6,000 ያህል ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ ከአሥር አንዱ ያህሉ በሌላ ዓለም የማይገኝ ነው። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ስብስቤ ደምሰውና የስዊድኗ ኢንጋ ሄድበርግ የደከሙበት ይህ ሥራ ባይኖር ዛሬ የሚታተመው የብዝኃ ሕይወት ጥናት ሁሉ መሠረት ባጣ ነበር። ትኩረቱና ገንዘቡ ግን በተፈጥሮው ወደ ብርቁ ያዘነብላል፤ ወደ ዋልያው፣ ወደ ቀይ ቀበሮው፣ በአንድ ተራራ ላይ ብቻ ወደሚገኘው አበባ። ተራው ዛፍ ሲጠፋ አልቃሽ የለውም፤ ከተማ ውስጥ ሲሆን ደግሞ መጥፋቱን የሚያስተውለውም ትንሽ ነው። የመካኒሳ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ ያለው ደን ከተማውን የሚችል አልነበረም። ቤት የሚሠራው በእንጨት፣ አጥሩ በእንጨት፣ ምድጃው በእንጨት ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱ፣ ወታደሩና ነጋዴው ሁሉ እንጨት ይፈልጋል። እንጦጦ ቶሎ ተራቆተ፤ እንጨት ለቃሚው በየዓመቱ ወደ ራቀ ቦታ መሄድ ግድ ሆነበት። ችግሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ፣ ቀድሞ እጀሬ ትባል ወደነበረችው አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሥተው ግንባታም አስጀምረው ነበር። ብዙ የቀድሞ የኢትዮጵያ መናገሻዎች ባለፉበት መንገድ ይቺም ከተማ ልትሄድ ነበር ማለት ነው፤ እንጨት ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል።

ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የንጉሡ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊ ሞንዶን ቪዳይሌ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ አስመጣው ይባላል። ምኒልክ ችግኙን በርካሽ አከፋፈሉ፤ ባሕር ዛፍ ለሚተክልም የመሬት ግብር አቃለሉ። ዛፉ በጥቂት ዓመት ለምሰሶ ይደርሳል። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከብት አይበላውም። አዲስ አበባ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የባሕር ዛፍ ከተማ ሆነች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ።

ባሕር ዛፍን መውቀስ ዛሬ ቀላል ሆኗል። አፈር ያደርቃል፣ ከሥሩ ሌላ አያስበቅልም፣ አገር በቀሉን አፈናቀለ ይባላል። ክሱ ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉትን ሴቶች ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ዛፍ በአንድ ቃል አይፈርድበትም። ሳይንሱም ቢሆን አይፈርድበትም። ፈየራ ሰንበታና ደመል ተከታይ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በሰው በተተከሉ የባዕድ ዛፎች ሥር ያለውን ቡቃያ ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት በተከላው ጥላ ሥር በርካታ አገር በቀል ዛፎች እየበቀሉ አግኝተዋል። ወሳኙ ነገር የዘር እናት የሚሆን የተፈጥሮ ደን በቅርብ መኖሩና ዘሩን የሚያደርስ ወፍ ወይም ነፋስ መገኘቱ ነው።

ይህ ነጥብ ለመካኒሳ ወሳኝ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። ደመል ተከታይ ከስዊድናዊው አንደርስ ግራንስትሮም ጋር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ደጋ ደኖች አፈር ፈትሸው ነበር። በአፈሩ ውስጥ ተቀብሮ የሚጠብቅ ዘር በብዛት አለ፤ አብዛኛው ግን የሣርና የአረም ዘር ነው። የደኑ ዋነኛ ዛፎች ዘራቸውን በአፈር ውስጥ ለዓመታት አያከማቹም። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያካሄዱት ምርመራም ወደዚሁ መደምደሚያ አደረሳቸው። ዛፉ ከተቆረጠና በአቅራቢያው ሌላ እናት ዛፍ ከሌለ አፈሩ ዛፉን መልሶ አያወጣውም ማለት ነው። ስለዚህም ነው ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር ማሠራት የጀመሩት። ከብት ሲከለከል ቡቃያው ይተርፋል። ድንጋዩንም የሰጠው ከማሳው ላይ የለቀመው ገበሬ ነው።

በመካኒሳ ወንዝ ዳር የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ዛፍ ሳይሆን አትክልት ነው። በአቃቂ ወንዞች ውሃ አትክልት ማልማት ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ እየተስፋፋ መጥቷል። መሬቱ ለም፣ ውሃው ቅርብ፣ ገበያው ደጃፍ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጆች ከወጡ በኋላ በወንዙ ዳር የሚያለሙ ድሆች ተደራጁ፤ የመካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ አትክልት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበርም ከእነዚህ አንዱ ነው። ተመራማሪዋ አክሱማይት ገብረ እግዚአብሔር ይህንኑ ማኅበር አጥንተው ውጤቱ በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። በዘመኑ ከተማ ውስጥ ማረስ ኋላ ቀርነት ነው የሚል አመለካከት በብዙ አገር ባለሥልጣናት ዘንድ ሰፍኖ ነበር። የመካኒሳ አትክልተኞች ግን በዓለም የከተማ ግብርና ጥናት ውስጥ በምሳሌነት ከሚነሡት ተርታ ገቡ።

መደቡ ላይ የሚታየው ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና የሐበሻ ጎመን ነው። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው የተለየ ታሪክ አለው። ኡ ጃንግ ቹን የተባለው የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1935 እንዳሳየው የሐበሻ ጎመን የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ነው፤ አንዱ ወላጁ ሰናፍጭ፣ ሌላው የጥቅል ጎመን ወገን ነው። ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፣ ጥቅል ጎመን 9፣ የሐበሻ ጎመን የሁለቱን ድምር 17 ይዟል። ሁለት ዝርያዎች ሙሉ ውርሳቸውን አዋሕደው ሦስተኛ ዝርያ ፈጠሩ ማለት ነው፤ ዝግመተ ለውጥ ሁልጊዜ በሚሊዮን ዓመታት ብቻ እንደማይሠራ ይህ አንድ ቅጠል ምስክር ነው። ዲቃላውን አላምዶ፣ ዘሩን እየመረጠ ያቆየው የዚህ አገር ገበሬ ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ራስ ተፈሪን አግኝቶ አገሪቱን ሲዞር ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች መካከል ያስቆጠራት እንዲህ ያለው ሀብት ነው። ዘሩን ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በመላኩ ወረደ አመራር ገበሬውን የዘር ጠባቂ አድርጎ ሠራ፤ መላኩም እ.ኤ.አ. በ1989 ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ።

ወንዙ ግን በዚያው ዘመን እየቆሸሸ ሄደ። ከላይ ያሉ ፋብሪካዎች፣ የመኪና እጥበቶች፣ ፍሳሽ መስመር የሌላቸው ሰፈሮች ሁሉ የሚያወርዱት ወደ አቃቂ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ይለቃል፤ ባትሪና ቀለም እርሳስና ካድሚየም ያመጣሉ። ፍሥሐ ኢታና በአዲስ አበባ ፒኮክ ፓርክና ቄራ አካባቢ የለማውን ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት አንዳንዶቹ ብረቶች ለምግብ ከተፈቀደው መጠን አልፈው ተገኝተዋል። ከሦስቱ ብረት በትንሹ የሰበሰበው ጥቅል ጎመን ነበር። ጥናቱ ለአትክልተኛው የሚጠቅም ምክርም ነበረው፤ በተበከለ ውሃ ዳር ቅጠላ ቅጠሉን በሌላ ሰብል መተካት። ሌላ ትምህርትም ከዚህ ይወጣል። አንዳንድ የጎመን ወገኖች ብረትን ከአፈር መጦ የማከማቸት ችሎታ ስላላቸው፣ የሐበሻ ጎመንም ጭምር፣ የተበከለን መሬት በዕፅዋት ለማጽዳት በዓለም ላይ ይሞከራሉ። መሬት ለማጽዳት የሚያገለግለው ይኸው ባሕርይ በድስት ውስጥ ሲገባ አደጋ ይሆናል።

ስለ ወንዙ ጤና ደግሞ ከኬሚካል ልኬት ይልቅ በውስጡ የሚኖሩት ፍጥረታት የበለጠ ይናገራሉ። አበበ በየነና ባልደረቦቻቸው በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ ያካሄዱት እ.ኤ.አ. የ2009 ጥናት ይህን ለማየት ሁለት ምስክር ጠርቷል። አንዱ ከድንጋይ ሥር ተጣብቀው የሚያድጉት የውሃ ነፍሳት ናቸው፤ ሌላው በመስታወት መሰል ቅርፊት የሚኖሩት ዳያተም የሚባሉት በዓይን የማይታዩ አልጌዎች። በወንዞቹ መነሻ ነፍሳቱ አሉ። ወደ ከተማው መሐል ሲወረድ ግን ብክለቱ እጅግ በበረታባቸው ጣቢያዎች ነፍሳቱ ፈጽመው ስለጠፉ የቆሸሸውን ወንዝ ከባሰው የሚለይ ምልክት መስጠት አቃታቸው። ያን ጊዜ መናገር የቻሉት ዳያተሞቹ ብቻ ሆኑ። ከድንጋይ ሥር እጭ መጥፋቱን ጋዜጣ አይጽፈውም፤ እሱን የሚበላው ዓሣም ወፍም ግን ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። የወንዝ ነፍሳት ከመነሻው ወደ ታች በውሃው እየተንሳፈፉ ይወርዳሉ፤ በዓለም ላይ ብዙ ወንዞች ብክለቱ ሲቆም ከላይ ከሚኖሩት በመጡ ነፍሳት ተመልሰው ተሞልተዋል። ለብሳናም ቢሆን በየአጥሩ ሥር የቀረችው አንድ እናት ዛፍ እንደዚያው ናት። መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የምትቆረጠውም እሷ ናት።

የመካኒሳ ውሃ ከአባ ሳሙኤል በፊት አይቆምም። ግድቡ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተሠራ፣ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በደለልና በጥገና እጦት ቆሞ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ቀጠለ። ዙሪያው ያለው ረግረግ በወፍ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከሰሜን የሚመጡ ኩርኪዎች ክረምታቸውን ያሳልፉበታል፣ ለወፎች ጠቃሚ ከተባሉት የኢትዮጵያ ቦታዎችም አንዱ ነው። ሐይቁን ግን እምቦጭ ሸፍኖታል። አረሙ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ሲሆን፣ የከተማ ፍሳሽ የሚያመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ነው።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲታወጅ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ልማት ታቀደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ የከተማ ደንብም ከዚያ በኋላ ወጥቷል። ሕዝብ ወደ ወንዙ ፊቱን እንዲያዞር ማድረግ ትልቅ ነገር ነው፤ ለ130 ዓመታት ጀርባውን ሰጥቶት ኖሯልና። ግን የተስተካከለ ሣርና ዘንባባ፣ የድንጋይ መደገፊያና ፏፏቴ ያለው ዳርቻ ለዓይን ቢያምርም ወንዝ ተመለሰ አያሰኝም። መለኪያው ሌላ መሆን አለበት፤ ከድንጋዩ ሥር እጭ ተገኘ ወይ፣ በዳርቻው ብሳና፣ ዋንዛና ወይራ ተተከሉ ወይ፣ ወፎች ዘር ያጓጉዛሉ ወይ። ችግኙን ማግኘት አይቸግርም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ለገሠ ነጋሽ የአገር በቀል ዛፎችን ማባዣ ዘዴ አጥንተው በመጽሐፍ ካወጡ ዓመታት አልፈዋል፣ በጉለሌም 705 ሄክታር የዕፅዋት ማዕከል አለ።

አትክልተኞቹስ? የወንዝ ዳር ልማት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሣ ጥያቄ የእነሱ ዕጣ ነው። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰበብ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ትልቁ የአትክልት ገበያ መካኒሳ ራሷ በምትገኝበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። አንድ እስር ቆስጣ ግን ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደመጣች የምትናገርበት ምልክት የላትም፤ ገዢው የሚያየው ቅጠሏ ለምለም መሆኑን ነው። አትክልተኛውን በአደጋው መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ፋብሪካውንም ቱቦውንም ያመጣው እሱ አይደለም። አለበል ባይራው ወልደ ሥላሴና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በፍሳሽ ውሃ የሚያለሙ ገበሬዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳተሙት፣ ገበሬዎቹ ውሃው እንዲሻሻልላቸው ከኪሳቸው ለመክፈል ፈቃደኞች ነበሩ። ከእነሱ በላይ፣ ከወንዙ ወደ ላይ ያሉት ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ገና በወጉ አልቀረበላቸውም።